በልጃችን ድምፅ የሚመጣ ማስታወቂያ

(በአርቦሬ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የቁጠባውን ሒሳብ ከመክፈታችን በፊት አንድ ጉዳይ እናነሣለን። ጉዳዩ ራሱ ከቁጠባው ሣጥን ጋር የተያያዘ ነው። ከቡድኖቻችን የሚቀርበው የብድር ጥያቄ ድሮ ይታወቃል፤ ፍየል መግዣ ነው፣ ማሽላ አምጥቶ መሸጫ ነው፣ የልጅ ደብተር ነው። አሁን አሁን ግን «መድኃኒት ላስመጣበት» የሚል ጨምሯል። ማን አዘዘልሽ ስንል መልሱ ሐኪም አይደለም፤ ቴሌግራም ነው፣ ቲክቶክ ነው።

ብዙዎቻችን አማርኛ አናነብም፤ ስልኩም የልጆቻችን ነው። ጂንካ ተምሮ የመጣ ልጅ ማታ ስልኩን ከፍቶ «እናቴ፣ ይህን ስሚ» ይልና በራሳችን ቋንቋ ያስረዳናል። ዲመካ ወይም ቀይ አፈር ገበያ የማናውቀው ሰው ፍየል ቢያቀርብልን አፏን ከፍተን ጥርሷን ሳናይ፣ ጎኗን ሳንዳስስ ብር አንሰጥም። ይህ ሻጭ ግን ፊቱን ሳያሳየን፣ በምናምነው በልጃችን ድምፅ ቤታችን ይገባል። ልጁ አልዋሸም፤ የተጻፈውን ነው የተረጎመው። እናቲቱ ግን የምታምነው ጽሑፉን ሳይሆን ልጇን ነው። ማስታወቂያው እኛ ዘንድ ይህን ያህል ጉልበት ያገኘው በዚህ ይመስለናል።

ማስታወቂያዎቹ ደግሞ ይመሳሰላሉ። አንድ ጠርሙስ ስኳርን፣ ደም ግፊትን፣ ጨጓራን፣ የመገጣጠሚያ ሕመምን፣ መካንነትንም ይፈውሳል ይላሉ። እነዚህ ሕመሞች መነሻቸው የተለያየ ነው፤ ለሁሉም አንድ መድኃኒት የለም። ታዲያ ለምን እነዚህን መረጡ? የተሰበረ እግር እንጠግናለን የሚል ማስታወቂያ አላየንም፤ እግሩ አለመጠገኑ በዓይን ይታያላ! የጉልበትና የጨጓራ ሕመም ግን አንድ ሰሞን ይብሳል፣ አንድ ሰሞን ይለቃል። ሰው ጠርሙሱን የሚገዛው ሕመሙ በጠናበት ቀን ነው። ከሳምንት በኋላ በራሱ ጊዜ ቀለል ሲለው ምስጋናው ለጠርሙሱ ይሆናል። ስለዚህ «እኔ ድኛለሁ» የምትለዋ ሴት የግድ ውሸታም ላትሆን ትችላለች፤ ምስክርነቷ ግን መድኃኒቱ መሥራቱን አያሳይም።

ልጅ ያልወለደች እህታችን ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይከፋል። ማስታወቂያው ዋጋ አይጽፍም፤ «በውስጥ መስመር አናግሩን» ይላል። ብቻዋን ስታናግረው ሰው አይሰማም፤ ዋጋውም እንደ ጭንቀቷ ይተመናል። ያፈረ ሰው ምስክር ይዞ አይገዛም። ከዚያ «የቀረን ጥቂት ፍሬ ነው፣ ዛሬ ማታ ዋጋው ይጨምራል» ይመጣል። ገንዘቡን በቴሌብር አስቀድማ ትልካለች፤ ዕቃው በመኪና ጂንካ ወይም ኮንሶ ይደርሳል ትባላለች። ደረሰኝ የለ፣ ሱቅ የለ። ዕቃው ቀርቶ ስልኩ ቢዘጋ ማንን ትከሳለች?

ዕቃው ሲመጣስ ምን ይዞ ይመጣል? አንዳንዱ ዱቄት ብቻ ነው፤ ጉዳቱ ለገንዘባችን ነው። የሚያሠጋን ሌላው ነው። በ2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2022) የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አርትሪ ኪንግ የሚባል የመገጣጠሚያ ሰፕሊመንት መርምሮ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፉ ዳይክሎፌናክና ዴክሳሜታሶን የተባሉ መድኃኒቶች አገኘበት። ዴክሳሜታሶን ሐኪም እየተከታተለ የሚሰጥ ብርቱ መድኃኒት ነው። ሕመምን ቶሎ ያስታግሣል፤ ስለዚህ የወሰደው ሰው «ተአምር ነው» ይላል። ግን ስኳርንና ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ፊትን ያሳብጣል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም ሰውነት የራሱን ሆርሞን መሥራት ይተዋል፤ ያኔ በድንገት ማቆሙ ራሱ ለሕይወት ያሠጋል። ስኳር ያለባት እናት «ከተፈጥሮ የተሠራ» ብላ ይህን ብትወስድ፣ የሆስፒታሉንም ኪኒን ብትተው፣ ጉዳቱ ሁለት ይሆናል።

ቀጫጭን ልጃገረዶቻችን የሚመኙት የሚያወፍር ሽሮፕም አለ። አፔታሚን የሚባለው ውስጡ ሳይፕሮሄፕታዲን አለበት፤ ይህ የአለርጂ መድኃኒት ነው፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ እንቅልፍም ያበዛል። እንቅልፍ የተጫናት ልጅ ከብት ስትጠብቅ ወይም ሕፃን ይዛ ምን ሊደርስባት እንደሚችል እናንተ ታውቁታላችሁ።

«ከተፈጥሮ የተሠራ» ለሚለው ቃል እኛ አርብቶ አደሮች መልስ አናጣም። ፍየል የሚገድለውም ቅጠል ከተፈጥሮ ነው። ሽፈራውን እንይ። ጎረቤቶቻችን ኮንሶዎች ቅጠሉን ከጓሯቸው ቀጥፈው ከእህል ጋር ቀቅለው ይበሉታል፤ ጥሩ ምግብ ነው፣ እኛም እንወደዋለን። ያው ቅጠል ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በቆንጆ ዕቃ ታሽጎ ሲመለስ የስኳር ፈውስ ሆኖ እጅግ በተወደደ ዋጋ ይሸጣል። ቅጠሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወሬው ነው። ብሉት፤ ኪኒናችሁን ግን አታቁሙ።

ሰፕሊመንት ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ነፍሰ ጡር እናት ከጤና ተቋም በነፃ የምትወስደው የአይረንና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ሰፕሊመንት ነው። ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤም እንዲሁ። ልዩነቱ ማን እንደሰጠን፣ ለምን እንደሰጠንና መጠኑን ማወቃችን ነው። ከውጭ አገር በሻንጣ ቫይታሚን የምትልኩልን ወዳጆቻችንም በዚሁ አጋጣሚ፣ ልባችሁን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን በጤና ጣቢያው በኩል ቢሆን እንመርጣለን።

ሕጉም አለ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። የባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው። ልጆቻችን ማስታወቂያ እንደሚያነቡልን ሁሉ ይህንንም ቁጥር ይደውሉልን፤ የዕቃውን ስም ነግረው ተመዝግቦ እንደሆነ ይጠይቁልን። ሻጩ «ሌሎች ሴቶች ካመጣሽ ከእነርሱ ግዢ ትርፍ አለሽ» ካላት ደግሞ ነገሩ የፒራሚድ ሽያጭ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይህን ይከለክላል። ይህ በተለይ ለእኛ ያሠጋል። በየሳምንቱ የምትገናኝ፣ የምትተማመን፣ ሣጥን ያላት የሴቶች ቡድን ለእንዲህ ዓይነት ሻጭ የተዘጋጀች ገበያ ናት። አንዷ ከገባች ሌላዋ እምቢ ማለት ያሳፍራታል።

ስለዚህ ኮሚቴው ይህን ሐሳብ አቅርቧል፤ ዛሬ ተወያዩበት። ለሕክምና የሚጠየቅ ብድር እንደ ወትሮው ይቀጥላል፤ የጤና ባለሙያ የጻፈው ወረቀት ግን አብሮ ይቅረብ። የትራንስፖርት ብር የሚያጥራትን ከማኅበራዊ ፈንዱ እናግዛት። አሁን እየወሰደች ያለች እህት ካለች ማንም እንዳይስቅባት፣ እንዳይቆጣትም። በተለይ ለወራት የወሰደች ከሆነ ዛሬውኑ አትጣለው፤ ጠርሙሱን፣ ባዶም ቢሆን፣ ከነማሸጊያው ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድና እንዴት እንደምታቆም ትጠይቅ። ብቻዋን መሄድ ለምትፈራ ከኮሚቴው ሁለት ሴቶች አብረዋት ይሄዳሉ፤ ስማቸውን ከስብሰባው በኋላ ከጸሐፊዋ ጠይቁ።