አስተያየቱ ከተሰበሰበ በኋላ



በእንግሊዝ አገር የጂፒ ክሊኒኮች ታካሚን አስተያየት መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። አገር አቀፉ የታካሚዎች ዳሰሳ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይካሄዳል። ከ2014 መጨረሻ ወዲህ ክሊኒኮቹ አጭር መጠይቅ ያቀርባሉ፤ ከ2015 ጀምሮም የታካሚዎች የተሳትፎ ቡድን እንዲኖራቸው ውላቸው ያስገድዳቸዋል።

እንግዲህ የጎደለው መጠይቅ አይደለም። ከአጭሩ መጠይቅ በየወሩ የሚላከው ቁጥር «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» ከማለት አያልፍም። ቁም ነገሩ ያለው ከሥሩ በተጻፈችው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው፦ ስልክ የሚያነሣ አለመኖሩ፣ ልጅ ለእናቱ እንዲያስተረጉም መደረጉ፣ የመድኃኒቱ አወሳሰድ በቅጡ አለመገለጹ። ይህ ተነብቦ አሠራሩ ካልተስተካከለ ጥያቄው ለወጉ ያህል ብቻ ይሆናል።

እንግሊዝኛ የማታነብ እናት ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር እንኳ አትጽፍም። በስልኳ የደረሳትን መልእክት ትዘጋዋለች፤ ዝምታዋም ቅሬታ የሌላት ያስመስላታል። ሐኪሙ ፊት ስትቀርብ አስተርጓሚ የሚገባት ከሆነ፣ ስለ ሕክምናው ስትጠየቅ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ከሕግ አውጪዎች የሚጠበቀው አስተያየት በታካሚው ቋንቋ፣ በቃልም ጭምር እንዲሰበሰብ፣ ክሊኒኩም በዚያ መነሻ የለወጠውን በግልጽ እንዲለጥፍ ማስገደድ ነው። «ካማረርሁ ከመዝገብ እሰረዛለሁ» የሚለው ስጋት ቀላል አይደለምና፣ ቅሬታ ሕክምናን እንደማያስቀር በመጠይቁ አናት ላይ ይጻፍ።