በአያሌ ኮምፒዩተሮች ላይ ፕሮግራምን በአንድ ሥርዐት ስለ መጫን

ዛሬ ላወሳላችሁ የፈለግሁት፥ በሊኑክስ የሚሠሩ አያሌ ኮምፒዩተሮች ባሉበት መሥሪያ ቤት ፕሮግራም እንዴት ሊጫንና ሊታደስ እንደሚገባው ነው። ነገሩ የባለ ሙያው ብቻ ይመስላል፤ ዳሩ ግን መዝገቡና ደመወዙ በእነዚሁ መሣሪያዎች የሚሠራለት ሠራተኛ ሁሉ ጉዳዩ ነው።

በሊኑክስ ዘንድ ፕሮግራም የሚመጣው በጥቅል ታሽጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ የመሠረተው ዴቢያን፥ ከእርሱም የተገኘው ኡቡንቱ፥ ጥቅሎቻቸውን በአንድ ግምጃ ቤት ያኖራሉ። አፕት የተባለው መሣሪያም የተጠየቀውን ጥቅል፥ ለእርሱ ከሚያስፈልጉት ሌሎች ጥቅሎች ጋራ አሰናድቶ ያመጣል፤ ማኅተሙንም ይመረምራል።

ይህ ለአንድ ኮምፒዩተር በቂ ነው፤ ለአርባ ግን አይበቃም። ባለ ሙያው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየዞረ በእጁ ሲጭን፥ ግምጃ ቤቱ በመካከሉ ስለሚታደስ፥ ሰኞ የተጫነውና ዐርብ የተጫነው አንድ ዐይነት እትም ላይዙ ይችላሉ። ከዚህ የከፋው ደግሞ የተዘለለው ነው። ሠራተኛው ፈቃድ ላይ በመሆኑ ቢሮው ተቆልፎ የታለፈው አንድ ኮምፒዩተር፥ ለሰርጎ ገቦች የታወቀ ቀዳዳውን እንደ ያዘ ወራት ይቆያል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ሊኖረው የሚገባው ሁሉ በአንድ ዝርዝር ይጻፍ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው አንሲብል ያንን ዝርዝር ይዞ በመረቡ ወደ ሁሉም ይደርሳል፤ የጎደለውን ይሞላል፥ የተሟላውን ሳይነካ ያልፋል፥ ሊያገኘው ያልቻለውንም ኮምፒዩተር በስሙ ያስታውቃል። የግምጃ ቤቱን ግልባጭ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ማኖርም ይበጃል፤ አንዱ ጥቅል አርባ ጊዜ ከኢንተርኔት እየወረደ መስመሩን አያጨናንቅምና።

ነገር ግን በአንድ ትእዛዝ አርባውን የሚያድስ፥ በአንድ ትእዛዝ አርባውን ሊያበላሽም ይችላል። እ.ኤ.አ. በማርች 2024፥ ፋይል ጨምቆ በሚያሳንሰው ኤክስዜድ በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች ውስጥ፥ ለሰርጎ ገብ መግቢያ የሚከፍት ስውር ኮድ ተገኘ። የደረሰበትም አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ፥ ከሩቅ ወደ ኮምፒዩተር መግባት በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን ተመልክቶ ነው። ጥቅሉ ሥርዐቱን የጠበቀ ማኅተም ነበረው፤ ማኅተም ከማን እንደ መጣ ይመሰክራል እንጂ ስለ ውስጡ ንጽሕና አይናገርም። ክፉው እትም ወደ ዴቢያን የሙከራ ክፍል ገብቶ ሳለ፥ ወደ ጸናው እትም ግን ገና አልደረሰም ነበር።

እንግዲህ አዲስ እትም ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ኮምፒዩተሮች ላይ አስቀድሞ ይሞከር። ቀዳዳ የሚደፍን ጥገና ሲሆን ግን ሙከራው በአንድ ቀን ይለቅ፤ ሳምንት ማስጠበቅ አደጋ ነው። ዝርዝሩም በአንድ ባለ ሙያ እጅ ብቻ አይቅር። ማን፥ መቼ፥ ስለ ምን እንደ ለወጠው ተጽፎበት በመሥሪያ ቤቱ ይቀመጥ፤ ባለ ሙያው ሲዛወር ተተኪው ሥራውን ከዚያው ይቀጥላል።