ሊቅ ያልሆነ ሰው ስለ ሳይንስ ሲጽፍ



ስለ አንድ ጥልቅ የሳይንስ ጉዳይ ለመጻፍ የሚገባው የዚያው ሙያ ሊቅ ብቻ ነውን? ለዚህ ጥያቄ ከረጅም ክርክር ይልቅ አንድ ታሪክ የተሻለ መልስ ይሰጣል።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወይዘሮ ጄን ማርሴት የተባሉ የለንደን ነዋሪ፣ ሐምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚሰጠውን የኬሚስትሪ ትምህርት ይከታተሉ ነበር። በመጀመሪያ የንግግሩ ፍጥነትና የሙከራዎቹ ብዛት ግራ አጋባቸው። በኋላ ግን ከአንድ ወዳጃቸው ጋር እየተወያዩ ሙከራዎቹን ሲደግሙ ነገሩ ተገለጠላቸው። ከዚህም የተነሣ፣ በመምህርትና በሁለት ተማሪዎች ውይይት መልክ የተዘጋጀው የኬሚስትሪ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1806 ታተመ። ስማቸውን አላወጡም፤ በመቅድሙም እውቀታቸው የቅርብ ጊዜ እንደሆነና ኬሚስት ለመባል እንደማይበቁ ገለጹ።

በዚያው ከተማ አንድ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ከመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ይማር ነበር። ይህ ልጅ መጽሐፉን አነበበ፤ ይሁን እንጂ የተጻፈውን እንዲሁ አልተቀበለም። ዐቅሙ በፈቀደለት ትንንሽ ሙከራ ፈተነው፤ እውነት ሆኖም አገኘው። ልጁ ማይክል ፋራደይ ነበር። በ1813 የዴቪ ረዳት ሆነ፤ በ1831 ደግሞ መግነጢስ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያስገኝበትን ሕግ ደረሰበት። ዛሬ በቆቃ የሚዞረው ጄኔሬተር የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

መጽሐፉ ሐሰት ይዞ ቢሆን ኖሮ፣ የዚያ ልጅ እምነት ገና ከጅምሩ በተሰበረ ነበር። ከስሕተት የጠበቃቸው ምንድን ነው? አንደኛ፣ እርሳቸው የተደናቀፉበትን ቦታ ስላልረሱ፣ አንባቢው የት እንደሚደናቀፍ ያውቁ ነበር። ሁለተኛ፣ የጻፉትን አስቀድመው በሙከራ አይተዋል። ሦስተኛ፣ ሳይንሱ ሲለወጥ መጽሐፉን አርመዋል፤ ዴቪ በ1807 ፖታስየምንና ሶዲየምን ለይቶ ካወጣ በኋላ፣ አዲሱ ግኝት በቀጣዮቹ እትሞች ገብቷል።

መሐንዲስም ቢሆን በአንዱ ዘርፍ ሊቅ፣ በሌላው ተማሪ ነው። የድልድይ ባለሙያ ስለ ኤሌክትሪክ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያም ስለ አፈር ጠባይ ቢጽፍ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የሚያሳፍረው ያልገባውን በከባድ ቃላት ሸፍኖ ማለፍ ነው። አንባቢው ምናልባት በአንድ ጋራዥ ወይም ማተሚያ ቤት የሚሠራ ወጣት ይሆናል፤ የተጻፈለትንም በገዛ እጁ ይፈትነዋል። ስለዚህ ጸሐፊው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ያን ፈተና ራሱ ሊያልፈው ይገባል።