ሕዝብ የራሱን መልክ እንዳያይ ሲከለከል

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ ሳንሱር ስንናገር ነገሩን ከሩቅ አገር አናመጣውም፤ ከውርጌሳ እንጀምራለን። ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ በውርጌሳ በኩል ያልፋል፤ እኛም የዚያ መንገድ ልጆች ነን። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ከብቱ አልቆበት፥ ቤቱን ዘግቶ የወጣው ወደዚሁ መንገድ ነበር።

ያን ጊዜ የነበረው መንግሥት ረኀቡን ሸሸገ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ግን በፊልም አንሥቶ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ስለዚህ የለንደን ሰው በቤቱ ተቀምጦ ያየውን፥ የአዲስ አበባ ሰው ለማየት አንድ ዓመት ያህል ቈየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያንን ፊልም፥ በረኀብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ እያስገባ፥ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

«እንግዲያው ደርግ እውነቱን ገለጠ» የሚል ይኖራል። አዎን፥ የሌላውን ገበና ገለጠ። የራሱ ተራ ሲደርስስ ምን አደረገ? የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ስለ አዲሱ ረኀብ ለለጋሾች አስታውቆ ነበር። መንግሥት ግን ለአብዮቱ 10ኛ በዓልና ለኢሠፓ ምሥረታ አዲስ አበባን ያስጌጥ ነበርና፥ በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከለከሉ። ኬንያዊው መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ፥ ያን ጊዜ በወሎ ሥር በነበረችው በኮረም ያነሡት ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ሲታይ፥ እርዳታ ከየአገሩ ጐረፈ። ለብዙዎች ግን መሽቶ ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ከዚህ የምንማረው ሳንሱር የሚያስቀረው ፊልም ብቻ አለመሆኑን ነው፤ እህልም ያስቀራል። ሁለት ጊዜ የራባቸው ወገኖቻችን፥ ሁለት ጊዜ ያነሣቸው እንግዳ፥ ሁለት ጊዜም «ይታይ፥ አይታይ» ብሎ የወሰነው ባለ ሥልጣን ነበር። ከሁሉ በኋላ የተጠየቀ ገበሬው ነው፤ እርሱም ቢሆን ከተጠየቀ።

ስለዚህ በክረምቱ ዕረፍት ወደ ውርጌሳ፥ ወደ መርሳና ወደ ወልዲያ ስንመለስ፥ ያን ዘመን ያዩ አባቶችና እናቶች ሳያልፉብን ቃላቸውን እንቅዳ። ካሜራው ዛሬ በየኪሳችን ነው። ነገር ግን ደስ ያሰኘንን አስቀርተን የሚወቅሰንን ከቈረጥን፥ መቀሱ ከባለ ሥልጣኑ እጅ ወደ እኛ እጅ ተላለፈ እንጂ ሳንሱሩ አልቀረም።