እርጅና ሳይመጣ ቤታችንን እናመቻች
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤት ነው። ሁላችንም ቤት የምንሠራው ጉልበት እያለን ነው። ደጃፉን ከፍ እናደርጋለን፤ ሽንት ቤቱን ሽታው እንዳይመጣብን ብለን ከእንሰቱ ጀርባ እንቆፍራለን። በሠላሳ ዓመት ይህ ምንም አይደለም። በሰባ ዓመት ግን ጉልበት ይከዳል፣ ዓይን ይደክማል። የሶዶ ቀይ አፈር ደግሞ ክረምት ሲገባ እንዴት እንደሚያዳልጥ ለእናንተ አንነግርም። አንድ ሽማግሌ ሌሊት ወጥተው ቢወድቁና ዳሌያቸው ቢሰበር መልሶ መነሣት ከባድ ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ ከመውደቅ በፊት ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዞ ነበር። ለጭቃ ቤታችን ግን አዛዡም ሠሪውም እኛው ነን። ሥራውም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

አንደኛ፣ ከቤት እስከ ሽንት ቤት ያለው መንገድ ጠጠር ፈሶበት ይጠቅጠቅ። በአንድ ወገን ቋሚ ተተክሎ በወገብ ልክ መያዣ እንጨት ይመታበት።

ሁለተኛ፣ ቁጢጥ ማለት ላቃተው ሰው መቀመጫው መሐሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበር ጉድጓዱ ላይ ይደረግለት። በሩም ወደ ውጭ ይከፈት። ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ፣ ሰው ውስጥ ሲወድቅ በገላው ይዘጋዋል፤ የሚያነሣውም አይገባም።

ሦስተኛ፣ አልጋው ሲቀመጡበት እግር መሬት የሚረግጥበት ይሁን፤ በጣም ዝቅ ያለም አይሁን፤ ለመነሣት ያስቸግራል።

አራተኛ፣ ምድጃው በጭቃ መደብ ላይ ከፍ ይበል፤ እናቶች ወገባቸው አይታጠፍ። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ለአረጋውያን ውሃው በ5 ሊትር ይቀመጥላቸው።

አምስተኛ፣ አዲስ ቤት የምትሠሩ ወጣቶች በሩን 90 ሳንቲ ሜትር አድርጉት፤ ተሽከርካሪ ወንበር ያስገባል። በደረጃ ፈንታ ተዳፋት ብታደርጉ፣ ለ10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት ስጡት።

አንዳንዱ ስለ እርጅና ማውራት ሟርት ይመስለዋል። አንዳንዱ ደግሞ «ልጆች አሉኝ» ይላል። ልጆች በረከት ናቸው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ለሥራ አዲስ አበባና ሐዋሳ ናቸው፤ የሚሰበሰቡት ለጊፋታ ነው። ቤቱ ግን ዓመቱን ሙሉ አብሮን ነው።

ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል ሁላችንም እንወጣለን። ታዲያ ያው ክንድ፣ ሰውዬው በሕይወት ሳሉ አንድ መያዣ እንጨት ቢመታላቸው ምን ይከብደዋል? በመስከረም ለጊፋታ ቤት መለቅለቃችን አይቀርም። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ባለው ቅዳሜ በደቦ እንውጣና የአረጋውያኑን ደጃፍ አብረን እንሥራ። ቤታቸው እንዲታይላቸው የሚፈልጉ በጸሐፊው ዘንድ ይመዝገቡ። እንጨትና ሚስማር ያለውም ያምጣ።



የማኅበሩ ጸሐፊ