የክረምቱ ኦርኪድና ያሰብነው ሽያጭ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን ጥሩ የሚመስል ሐሳብ አቅርበው ነበር። በክረምት በእንጦጦ ተዳፋት ላይ የሚያብበውን የዱር ኦርኪድ ከነሥሩ ነቅለን፣ በቆርቆሮ ተክለን፣ ለእንቁጣጣሽ እንሽጥ የሚል ነው። አበባው በነጻ፣ ቆርቆሮውም ከየቤታችን ስለሆነ ትርፍ ብቻ ይመስላል። ሒሳቡን እንድሠራ ስለታዘዝኩ መጀመሪያ ስለ ተክሉ አነበብኩ።

በአበባ ሱቅ የምናየው ትልልቅ ቅጠል ያለው ኦርኪድ ዘመዶቹ በእስያ ዛፍ ላይ የሚኖሩ ነው፤ ለገበያ የሚባዛውም በላቦራቶሪ ነው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ ባለሙያዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ አገራችን ኦርኪዶች መጽሐፍ አሳትመዋል። ዓይነታቸው ከ160 ይበልጣል፤ ብዙዎቹም ከመሬት የሚበቅሉ ናቸው። ሀበናሪያ፣ ሳቲሪየምና ዲሳ የሚባሉት ወገኖች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። አንዳንዱ ውኃ የሚያዝል መስክ ይወዳል፣ አንዳንዱ በድንጋይ ላይ ያለ ስስ አፈር፣ አንዳንዱ የጫካ ዳር። ነጭና አረንጓዴ አበባ ካላቸው ሀበናሪያዎች አንዳንዶቹ የሚሸቱት ማታ ነው፤ የሚጠብቁት የሌሊት ቢራቢሮ ነዋ!

አሁን ወደ ሒሳቡ። እነዚህ ተክሎች ከመሬት በታች ድንች የመሰለ ሥር አላቸው። ዝናብ ሲገባ ካምና ከተቀመጠው ድንች ቅጠልና አበባ ይወጣል፤ ድንቹም እየተሟጠጠ ይሄዳል። ቅጠሉ ደግሞ በዚያው ክረምት ጎን ለጎን ሌላ ድንች ይሞላል፣ የከርሞውን። በጥቅምትና በኅዳር ላዩ ይደርቃል፤ በጋውን ሙሉ ከአፈር በላይ ምንም አይታይም። ዕቁብ የምትጥሉ ይገባችኋል፤ የዘንድሮውን እየበሉ የከርሞውን መጣል ነው። በነሐሴ የነቀልነው ተክል አሮጌውን ጨርሷል፣ አዲሱን ገና አልሞላም።

ገዢዋስ ምን ታደርጋለች? ቅጠሉ ሲደርቅ የጠማው መስሏት ውኃ ታጠጣለች፣ ማረፍ የነበረበት ድንች ይበሰብሳል። በሚቀጥለው ዓመት ከእኛ ትገዛለች ብላችሁ ታስባላችሁ?

እንደ አደይ አበባ ዘሩን በትነን እናብቅለው እንዳንል ደግሞ ዘሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ በአንድ ፍሬ ውስጥ ብዙ ሺህ ይገኛል፣ ስንቅ ግን የለውም። ለመብቀል በአፈሩ ውስጥ የሚመግበው የሻጋታ ዓይነት ማግኘት አለበት። ቢበቅልም እስኪያብብ ዓመታት ይፈጃል። በነጻ ያልነው ዕቃ መተኪያ የለውም ማለት ነው።

ውጭ አገር ገዢ አለ ያላችሁም ነበራችሁ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል ናት፤ ኦርኪድ በሙሉ እዚያ ተመዝግቧል። ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም።

ስለዚህ ቆርቆሮውን አንጣለው፤ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና ጠጅ ሣር እንትከልበት። ጤና አዳሙና የጥብስ ቅጠሉ ከግንጣይ፣ ጠጅ ሣሩ ከሥሩ ተከፍሎ ይበቅላል፤ ከአንዷ ጓሮ ለሃያ ሰው ይደርሳል። ቡና የሚያፈላ ቤት ሁሉ ጤና አዳም ይፈልጋል።

አንድ የሚከብደኝ ነገር ቀርቷል። ለበዓል ሣር አጭደው የሚሸጡ አባላት አሉን፤ ያ ገንዘብ የልጆች ደብተር ነው፣ ተዉት ማለት አልችልም። ነገር ግን ጳጉሜን ላይ ሲታጨድ ቅጠሉም አብሮ ይሄዳል፣ የከርሞው ድንችም ሳይሞላ ይቀራል። ኦርኪድ በብዛት የሚታይባትን ጥግ ብቻ እስከ ኅዳር ብናቆያትስ? የትኛዋ ጥግ እንደሆነች ከእኔ ይልቅ አጫጆቹ ያውቃሉና መድረኩን ለእነሱ እለቃለሁ።