የይቅርታ መጠበቂያ ጊዜና የሚነሣበት ምክንያት

(በሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አውግስተስ ጋርላንድ የአርካንሳስ ሰው፣ በሙያቸውም ጠበቃ ነበሩ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ጋር ወግነው በኮንፌዴሬሽኑ ምክር ቤት ተቀመጡ። ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ወደ ሙያቸው ሊመለሱ ቢፈልጉ፣ በዚያው ዓመት በጥር ወር የወጣ ሕግ በሩን ዘጋባቸው። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ዓ.ም. ከተባሉት በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሕጉ በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚቆም ጠበቃ ሁሉ በመንግሥቱ ላይ የጦር መሣሪያ እንዳላነሣና ጠላቱንም እንዳልረዳ እንዲምል ያስገድድ ነበርና፣ ጋርላንድ በሐሰት ካልማሉ በቀር ችሎት ሊገቡ አይችሉም ነበር። ይሁን እንጂ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን በዚያው ዓመት በሐምሌ ይቅርታ ሰጧቸው። ጦርነቱ ካበቃ ገና ጥቂት ወራት ብቻ ማለፋቸው ነበር።

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1867 ሲወሰን፣ አምስት ዳኞች በአራት ላይ ብልጫ አግኝተው ይቅርታው ጋርላንድን ከመሐላው ግዴታ ነጻ እንዳወጣቸው ፈረዱ። ከዚህም ጋር እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ቃል ተናገሩ፤ ይኸውም የፕሬዚዳንቱ የይቅርታ ሥልጣን ወንጀሉ ከተፈጸመበት ቅጽበት ጀምሮ፣ ክስ ሳይመሠረት፣ ክሱም ሲታይ፣ ፍርድም ከተሰጠ በኋላ፣ በማናቸውም ጊዜ ሊሠራበት ይችላል የሚል ነው። ጋርላንድ በኋላ የግዛታቸው አገረ ገዥ፣ ሴናተር፣ ከ1885 እስከ 1889 ድረስም የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። የይቅርታ ማመልከቻዎች ተመርምረው ለፕሬዚዳንቱ የሚቀርቡት በዚሁ መሥሪያ ቤት በኩል በመሆኑ፣ ይቅርታ ያገኙት ሰው ይቅርታ ጠያቂዎችን ለመመርመር በቁ ማለት ነው። በዚያ ሐምሌ ወር አምስት ዓመት ጠብቅ የሚል ደንብ ቢያጋጥማቸው ኖሮ ታሪኩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ዛሬ እንዲህ ያለ ደንብ አለ። በፌዴራል ወንጀል ተፈርዶበት የፕሬዚዳንቱን ይቅርታ የሚሻ ሰው ማመልከቻውን የሚያቀርበው በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ለሚገኘው የይቅርታ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ነው። የሚኒስቴሩ ደንብ እንደሚለው፣ አመልካቹ ከእስር ከተፈታ፣ እስራት ያልተፈረደበትም ከሆነ ጥፋተኛ ከተባለበት ቀን አንሥቶ ቢያንስ አምስት ዓመት ሳይሞላው ማመልከት አይገባውም። በአመክሮ ወይም በቁጥጥር ሥር ያለ ሰውም በአብዛኛው እንዲያመለክት አይፈቀድም። ከዚህ በኋላም ማጣራቱ ራሱ የፌዴራሉን ምርመራ ቢሮ ጭምር የሚያሳትፍ በመሆኑ ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል። ሕገ መንግሥቱ በፕሬዚዳንቱ የይቅርታ ሥልጣን ላይ በግልጽ ያስቀመጠው ልዩ ሁኔታ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ባለሥልጣንን ከሹመቱ ለማውረድ በምክር ቤት የሚቀርበውን ክስ የሚመለከት ነው። ስለ አምስት ዓመት የሚናገር ቃል በውስጡ የለም። ደንቡ ራሱ በመጨረሻው አንቀጽ ለሚኒስቴሩ ሠራተኞች መመሪያ እንጂ ፕሬዚዳንቱን የሚገድብ እንዳልሆነ ያስታውቃል። እንግዲህ የመጠበቂያው ጊዜ የመሥሪያ ቤት አሠራር ነው፤ በአሠራር የመጣ ነገር ደግሞ በቂ ምክንያት ሲገኝ በአሠራር ይነሣል። ጽሕፈት ቤቱም ይህን አይክድም። ጊዜው እንዲነሣለት የሚፈልግ ሰው ማመልከቻውን አሟልቶ ምክንያቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከላዩ እንዲያያይዝ ያስረዳል፤ ሆኖም ይህ የሚፈቀደው ከስንት አንድ ጊዜ፣ ያውም በልዩ ሁኔታ ብቻ መሆኑን አያይዞ ያስጠነቅቃል።

የመጠበቂያው ጊዜ ያለ ምክንያት የተደነገገ አይደለም። ሚኒስቴሩ አመልካቹን ከሚመዝንባቸው ነጥቦች የመጀመሪያው ከፍርዱ በኋላ ያሳየው ጠባይ ነው። ጸጸት በአንደበት ለመናገር ቀላል ነው፤ ሰው ግን የሚታወቀው እያደር ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ሠርቶ የበላ፣ ግብሩን የከፈለ፣ ከጎረቤቱ ጋር በሰላም የኖረ ሰው ማንም ጠበቃ ሊጽፍለት የማይችለውን ማስረጃ በራሱ ኑሮ ይጽፋል። የተበደለውም ወገን ቁስሉ ሳይደርቅ የበዳዩን ይቅርታ በጋዜጣ እንዳያነብ ጊዜው ይጠብቀዋል። ደንቡን ከነአካቴው ይሰረዝ የሚሉ ሰዎች ይህን ቸል ማለታቸው ተገቢ አይመስልም።

ችግሩ ያለው ደንቡ ማንን እንደሚይዝ ሲታይ ነው። ሪቻርድ ኒክሰን ሥልጣን በለቀቁ በወራቸው፣ መስከረም 8 ቀን 1974፣ አንድም ክስ ሳይመሠረትባቸው ይቅርታ አገኙ። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ካስፐር ዋይንበርገር በ1992 በገና ዋዜማ፣ ችሎታቸው ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ይቅርታ ተሰጣቸው። የአሪዞናው የፖሊስ ሹም ጆ አርፓዮ በሐምሌ 2017 መጨረሻ ጥፋተኛ ተብለው፣ ቅጣታቸው ሳይወሰን፣ በነሐሴ ወር ምሕረት አገኙ። በጥር 20 ቀን 2025 ደግሞ በምክር ቤቱ ሕንጻ ላይ ከደረሰው ጥቃት ጋር በተያያዘ ወደ 1500 የሚጠጉ ሰዎች በአንድ ቀን ይቅርታ ሲደረግላቸው፣ ገና በወህኒ ቤት የነበሩ፣ ጉዳያቸውም ያላለቀ ብዙዎች ነበሩ። የእነዚህ ይቅርታዎች ተገቢነት ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ሕጋዊነታቸው ግን በጋርላንድ ጉዳይ ከተነገረው ቃል አይወጣም። ይሁንና በፖስታ ቤት በኩል ማመልከቻ የሚልከው ሰው አምስት ዓመት ሲቆጥር፣ በሌላ በር የገባው አንድ ቀን አለመቁጠሩ ሊካድ አይችልም። ለዚህኛው የጊዜ ገደቡ ግንብ ነው፤ ለዚያኛው መጋረጃ እንኳ አልሆነም።

በአሜሪካ ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ የሚጎላው በስደተኞች ሕግ በኩል ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በስርቆት ተከሶ አንድ ዓመት ቢፈረድበት፣ ቅጣቱ በገደብ ሆኖ አንድ ሌሊት ወህኒ ቤት ባያድር እንኳ፣ በዚያ ሕግ አነጋገር በከባድ ወንጀል ተቆጥሮ ከአገር ሊባረር ይችላል። ከፕሬዚዳንቱ ወይም ከግዛቱ አገረ ገዥ የሚሰጥ ሙሉና ሁኔታ የሌለበት ይቅርታ ይህን ምክንያት ያስቀራል። የአደንዛዥ ዕፅና የጦር መሣሪያ ወንጀሎች ግን በዚህ አይሸፈኑም፤ ደንበኛውን በከንቱ ተስፋ ላለማቆየት ይህ ከሁሉ አስቀድሞ መጣራት አለበት። በግዛት ሕግ የተፈረደ ከሆነም ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ስለሌላቸው ፊት ወደ ግዛቱ ይዞራል። የማባረሩ ጉዳይ አምስት ዓመት አይጠብቅም። ሰውየው ከልጆቹ ተለይቶ አውሮፕላን ከተሳፈረ በኋላ የሚደርስ ይቅርታ ወረቀቱ ሙሉ፣ ጥቅሙ ግን ጎዶሎ ነው።

ግዛቶቹ ይህን በየፊናቸው አይተውታል። የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ጽሕፈት ቤት ለአመልካቾች ያሰራጨው መመሪያ ከአመክሮ ከተለቀቁ በኋላ አሥር ዓመት መጠበቅን ሲያዝ፣ አመልካቹ ከዚያ በፊት ይቅርታው የሚያስፈልገው ለይቶ የታወቀ ጉዳይ እንዳለው ካስረዳ ጊዜው በእጅግ ልዩ ሁኔታ ሊነሣ እንደሚችል ገልጿል። የጆርጂያ የይቅርታና የአመክሮ ቦርድ ደግሞ መጠበቁ አመልካቹ በመረጠው ሙያ ሥራ እንዳያገኝ አዘግይቶ መተዳደሪያውን የሚጎዳ መሆኑ ከተረጋገጠ አምስት ዓመቱን ሊያነሣ ይችላል።

በኢትዮጵያ ይቅርታ የሚባለው በአብዛኛው ቅጣቱን በመፈጸም ላይ ላለ እስረኛ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ለዚህኛው የሚቀርበው የመሰየም ሥርዓት ነው፤ ይኸውም ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ስሙ እንዲታደስና ፍርዱ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤትን የሚጠይቅበት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ ከእርሱ በፊት እንደነበረው እንደ 1949ኙ ሁሉ፣ ጽኑ እስራት ለተፈረደበት አምስት ዓመት፣ በሌሎች ጉዳዮች ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያዛል። ልዩ የሆነ የሚያስመሰግን ሥራ ለፈጸመ ሰው ግን ጊዜው ሳይጠበቅ ሊፈቀድለት ይችላል። እንግዲህ ልዩነቱ ይታያል፤ የኢትዮጵያው ሕግ ጊዜውን የሚያነሣው ለዋለ ውለታ ሲሆን፣ የጆርጂያው ለደረሰ ችግር ነው። ከሁለቱ ለፍትሕ ይበልጥ የቀረበው የጆርጂያው ይመስላል። ጀግንነት ለማሳየት አጋጣሚ ያስፈልጋል፤ አጋጣሚውም ለሁሉ እኩል አይደርስም። የሥራ ፈቃድ የተከለከለች ነርስ ወይም ሾፌር ግን ሰነዱን በእጁ ይዞ የሚመጣ ባለጉዳይ ነው።

በጠበቃው በኩል የሚሠራው ሥራ ከዚህ ይነሣል። ጊዜው እንዲነሣ የሚጠይቀው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ስለ ደንበኛው ደግነት እያተተ፣ ጊዜው ለምን እንደማይጠብቅ ሳይናገር ስለሚቀር ነው። ደግነቱ በዋናው ማመልከቻ ይነገራል። ደብዳቤው መልስ ሊሰጥበት የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፤ መደበኛው ቀን እስኪደርስ ቢጠበቅ፣ ያን ጊዜ የማይገኝ ምን ነገር ይጠፋል? የፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የጻፈው የእምቢታ ደብዳቤ፣ የስደተኞች ችሎት የቀጠሮ ወረቀት፣ የሐኪም ማስረጃ፣ ቀናቸው በጉልህ የሚነበብ ሆኖ ይያያዛሉ። የጎደለውን የጠባይ ማስረጃ ለማሟላትም፣ ያለፈው ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ ቢሆን እንኳ፣ የሁለቱ ዓመት የግብር ደረሰኝና የአሠሪው ምስክርነት ወር በወር ተለይቶ ይቀርባል።

በመሥሪያ ቤቶቹ በኩል ደግሞ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ጊዜው እንዲነሣ የተጠየቀበት ደብዳቤ ከዋናው ማመልከቻ አስቀድሞ፣ በታወቀ ቀን ውስጥ መልስ ቢያገኝ፣ እምቢ ሲባልም ምክንያቱ በሁለት መስመር ቢጻፍ፣ ጠበቃው ደንበኛውን ጠብቅ ማለት ወይም ሌላ መንገድ መፈለግ እንዳለበት የቀጠሮው ቀን ሳያልፍ ለማወቅ ይችላል።